ከሰኞ እስከ ረቡዕ

ባይንዱ ካሎን አስተማሪ እንጂ የጤና ሰው አልነበረችም። በኬንጎሁን መንደር አንደኛ ክፍል ማስተማር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚያ ክረምት ኢቦላ ድንበሩን ተሻግሮ ሴራሊዮን ሲገባ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ገበያ ተበተነ፣ መንገዱ ሁሉ በገመድና በወታደር ታጠረ። አልማዝ ሊቆፍር ራቅ ያለ አገር የሄደው ባሏ መመለሻ አጥቶ እዚያው ቀረ። እሷና የአምስት ዓመት ልጇ ሶምቦ ባለ ሁለት ክፍሏ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሆኑ።

ከከተማ የመጡት የጤና ሰዎች በየቤቱ ያለውን ልጅ በስሙ የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልጉ መንደሩ እሷን ጠቆመ። ሁለት ቀን አሠለጠኗት፤ ቢጫ ሰደርያ፣ በግንባር ላይ የሚያነጣጥር የሙቀት መለኪያና ደብተር ሰጧት። ሥራው ከባድ አልነበረም። የታመመ ሰው የነካ ማንም ቢሆን ሃያ አንድ ቀን ይጠበቃል፤ እሷ በየማለዳው ደጁ ሄዳ ትለካዋለች፣ ትጽፋለች። ትኩሳት ካየች ትደውላለች።

መጀመሪያ የደወለችው ስለ ፓ ላሃይ ነው። ሽማግሌው ትኩሳት ይዟቸው ነበር፤ ለካች፣ ደወለች፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። በዘጠነኛው ቀን መሞታቸው ተሰማ። ሬሳ አልመጣም፣ መቃብሩም አልታወቀም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ አንዲት ወረቀት መጣች፤ የፓ ላሃይ ደም ሲመረመር ኢቦላ አልነበረበትም የምትል። ምን እንደገደላቸው የሚያውቅ ጠፋ። ወባ ነው ያለ አለ፤ እዚያው ከበሽተኞቹ ተጋባባቸው ያለም አለ።

መንደሩ አልጮኸባትም። ውሃ ስትቀዳ ግን ዙሪያዋ ጸጥ ይላል። አንዲት ሴት ባልዲዋን እየሞላች፣ ወደማንም ሳትዞር፣ «ሰደርያው ያምራል። ሽማግሌ የሚያስከፍል ልብስ እንዲህ ማማር አለበት» አለች። የቆሙት ሳቁ። ባይንዱም ባልዲዋን አነሳች።

በዚያ ሰሞን ያላኮረፈቻት ጎረቤቷ ጄቤ ብቻ ነበረች። ከልጅነታቸው አብረው ነው ያደጉት፤ የሴትነት ሥርዓት ለመፈጸም ጫካ የገቡት በአንድ ወቅት ነው። ጄቤ ጨርቅ ነካሪ ናት፤ እጆቿ እስከ ክርኗ ድረስ ሰማያዊ ሆነው ቀርተዋል። ባሏ ቫንዲ አናጢ ነው። የሰባት ዓመት ልጃቸው ሞሪባ የባይንዱ ተማሪ ሲሆን፣ ትንሿ ኒያንዳ ገና ሃያ ወር አልሞላትም፤ ጡትም አልጣለችም።

ቫንዲ ወንዙን ተሻግሮ የወንድሙን ቀብር ደርሶ መምጣቱን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ስሙ ባይንዱ ደብተር ላይ ሰፍሯል። ሰኞ ጠዋት በካፊያ ስትደርስ የቤቱ በር ገርበብ ብሎ ጄቤ መዝጊያው ላይ ቆማለች።

«ቫንዲ የት አለ?»

«ተኝቷል። ደክሞት ነው።»

«ትናንትም ደክሞት ነው ብለሽኛል።»

«ታዲያ ዛሬም ደከመው። ባልሽ ከሄደ ቆየ መሰለኝ፤ ወንድ ሲደክመው ምን እንደሚመስል ረስተሻል።»

ባይንዱ ሳቅ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አንድ ጊዜ ልለካው። ከደጅ ሆኜ ነው፣ አልገባም።»

ጄቤ ቀስ ብላ ፈቀቅ አለች። ቫንዲ በሩ ሥር በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ጋደም ብሏል፤ አይኖቹ ቀልተዋል። መለኪያው ሠላሳ ስምንት ከስድስት አለ።

«ወንድሙን አጥቧል?» ስትል በዝግታ ጠየቀች።

«ወንድሙ አይደል? ሌላ ማን ይጠበው?»

ባይንዱ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ጄቤ እጇን ሰነዘረች፤ ሊነካት ሲል ግን ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የተማረው አለመነካካት ትዝ ብሏት መልሳ ሰበሰበችው።

«ሠላሳ ስድስት ብለሽ ጻፊ» አለቻት።

«ጄቤ፣ እንዴት አድርጌ?»

«ፓ ላሃይን ሰደድሻቸው። መልሰሽ አመጣሻቸው? ወባ ነው፤ እኔ የባሌን ወባ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ዝናብ ሲገባ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ኪኒን ሰጥቼዋለሁ። እስከ ረቡዕ ብቻ ጠብቂኝ። ረቡዕ ካልተሻለው እኔው ራሴ ነኝ የምደውለው።»

ባይንዱ ደብተሩን ይዛ ቆመች። የፓ ላሃይ ሚስት ፊት፣ የውሃው ወረፋ፣ የሴቶቹ ሳቅ በፊቷ አለፈ። እሺ ብትል ቢያንስ አንድ ሰው አያኮርፋትም፤ እምቢ ብትል የቀረቻትን አንዲት ጓደኛ ታጣለች። ወባ ቢሆንስ? ደግሞ እንደ ፓ ላሃይ ሄዶ ቢቀርስ? ሠላሳ ስድስት ከስምንት ብላ ጻፈች። እርሳሱን ስትጫነው ወረቀቱ ተቀደደ።

ጄቤ በረጅሙ ተነፈሰች። ቀጥላም፣ «እንግዲያው ልጆቹን ውሰጂልኝ» አለች። «እስከ ረቡዕ አንቺ ጋ ይደሩ። በሽታው ባይሆንም እንኳ፣ ለማንኛውም።»

ባይንዱ ወዲያው መለሰች፤ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ የነበረ ይመስል። «ሰው ያያል። ለምን ወጡ ብሎ ይጠይቃል፤ ነገሩ ይታወቃል።»

ጄቤ ጥቂት አየቻት። «እውነትሽን ነው» አለች።

እውነት ግን አልነበረም። ልጆቹ ሞሪባና ኒያንዳ ናቸው፤ ከሶምቦ ጋር በአንድ ምንጣፍ ስንት ጊዜ ተኝተዋል፤ ሲመሽ እዚያው ቢቀሩ የሚገርመው ሰው አልነበረም። በሥልጠናውም ላይ ያልታመመ ሰው ለሌላ እንደማያስተላልፍ ደጋግመው ነግረዋታል፤ እሷም ለመንደሩ ደጋግማ አስተምራለች። ሰው ያያል ብላ አልነበረም የፈራችው። ለሶምቦ ነው የፈራችው። ይህን ለራሷ እንኳ ያን ቀን አልነገረችም። የራሷን ጓንትና አንድ ጠርሙስ በረኪና ደጁ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሞሪባ ከጓሮ በር ሳህን ይዞ ሲወጣ በአጥሩ በኩል አየችው። ውስጡ ያለውን ደፍቶ በባዶ እጁ ሊያለቀልቀው ሆነ።

«ሞሪባ፣ ጓንቱስ?»

«ይሰፋኛል አስተማሪ» አለ፤ እጁን ዘርግቶ እያሳያት። «ይወልቅብኛል።»

«እናትህ የት አለች?»

«አባዬን ይዛዋለች።»

ያኔ መደወል ትችል ነበር። ስልኩ እጇ ላይ ነበር፤ ባትሪውም አላለቀም። ግን ሰኞ የጻፈችው ቁጥር ነበረ። ትናንት ሠላሳ ስድስት የነበረ ሰው ዛሬ እንዴት እንዲህ ሆነ ቢሏት ምን ትላለች? እስከ ረቡዕ ተባብለናል አለች በልቧ፤ አንድ ሌሊት ነው የቀረው።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ጄቤ አልደወለችም። ወደ ባይንዱ ደጅ መጥታ ከሩቁ ቆመች። ቀሚሷ ፊቱ ርሷል። «ደም ነው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ባይንዱ ደወለች፤ መኪናው በስምንት ሰዓት ደረሰ። ቫንዲ መንገድ ላይ ሞተ። የቤቱ ዙሪያ በገመድ ታጠረ፤ አንድ ወታደር ጥላ ተሰጥቶት ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሩዝ፣ ባቄላና ዘይት ከገመዱ አጠገብ ይወርዳል፤ ሰው ዞር ሲል ጄቤ ወጥታ ትወስዳለች። ባይንዱ በየማለዳው ከገመዱ ወዲህ ትቆማለች። ጄቤ ልጆቹን አሰልፋ ታቆምላታለች። ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ስድስት ከሁለት፣ ሠላሳ ስድስት ከአምስት። እነዚያን ቀናት ያየችውን ሁሉ እንዳለ ጻፈች።

ጄቤ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰቻትም። ብትወቅሳት በተሻለ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ሞሪባ ተነስቶ መቆም አቃተው። ባይንዱ ወዲያው ደወለች፤ መኪናው ሁሉ ተይዟል፣ ጠብቁ አሏት። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ ባይንዱ ስትደርስ ጄቤ በረንዳው በአንዱ ጫፍ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። ኒያንዳ በሌላው ጫፍ ምንጣፍ ላይ ሆና ታለቅሳለች። ሕፃኗ ወደ እናቷ መምጣት ስትጀምር ጄቤ አንዲት ረጅም ዱላ ከጎኗ አንስታ በቀስታ ትገፋታለች።

«ከሌሊት ጀምሮ ያተኩሰኛል» አለች ሳትዞር። «አላጠባኋትም። ካየችኝ ስለምትመጣ ነው የዞርኩት።»

ባይንዱ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ወታደሩ ከማንጎው ሥር ተነሳ። ወጣት ነው፤ በመጣበት አገር የራሱ ልጅ እንዳለው በኋላ ነግሯታል። «አስተማሪ፣ እባክሽ» አላት። «እኔን እንድከለክልሽ አታድርጊኝ።»

ገመዱን አልተሻገረችም። ከገመዱ ወዲህ ሆና፣ ክፍል ውስጥ ለልጆች የምታዜመውን የቁጥር ዜማ ለኒያንዳ ማዜም ጀመረች። ሕፃኗ ድምፁን ሰምታ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች፤ ልቅሶዋን ግን አላቆመችም። መኪኖቹ እስኪመጡ ሦስት ሰዓት ያህል እንዲያ ቆየች። ድምፅዋ ተዘጋ።

ሁለት መኪና መጣ። በአንዱ ጄቤና ሞሪባ ገቡ። ሌላው ኒያንዳን ሊወስድ ነው፤ ወላጅ የታመመባቸው ገና ያልታመሙ ልጆች ወደሚቆዩበት ቤት። ባይንዱ ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀድዳ የልጅቷን ስም፣ የእናትና የአባቷን ስም፣ የመንደሩን ስምና የራሷን ስልክ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ለነጂው ሰጠች። ስም የሌለው ልጅ እዚያ ገብቶ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ እንደሚቀር ሰምታለች።

በሩ ሊዘጋ ሲል ጄቤ ከውስጥ ጠራቻት።

«ባይንዱ! ሚጥሚጣ አይስማማትም። ንገሪያቸው፤ የካሳቫ ቅጠሉን ወጥ ሚጥሚጣ ሳይነካው ይለዩላት።»

ከጄቤ አፍ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ሞሪባ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ጄቤ ከእሱ በኋላ አራት ቀን ቆየች።

የልጆቹ ማቆያ ከመንደሩ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ቀድሞ የእንግዳ ማረፊያ የነበረ ቤት ነው። ባይንዱ ሶምቦን ለአክስቷ እየተወች በየሁለት ቀኑ ትሄዳለች። መግባት አይፈቀድም፤ በሽቦው አጥር በኩል ነው የሚታየው። ኒያንዳን የምትይዛት ኩምባ የምትባል ሰፊ ትከሻ ያላት ሴትዮ ነች። በሽታው ይዟት የዳነች ስለሆነች ልጆቹን ያለ ጓንት፣ ያለ ፕላስቲክ ታቅፋለች። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራለች።

መጀመሪያ ቀን ባይንዱ፣ «አትፈሪም?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔን አንዴ በልቶ ተፍቶኛል» አለች ኩምባ። «ድጋሚ የሚቀምሰኝ አይመስለኝም፤ መራራ ሳልሆንበት አልቀረሁም። ይቺ ልጅሽ ግን እንቅልፍ የላትም። ሌሊቱን ሙሉ አንገቴ ላይ ነው የምትደፋው።»

«ልጄ አይደለችም። የጓደኛዬ ናት።»

«ታዲያ በየሁለት ቀኑ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድሽ ምንድን ነው? የጓደኛ ነገር ይህን ያህል አያስኬድም እኮ።»

ኩምባ ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረቻት። ባይንዱ ሲብስባት ያደረገችውን ለኩምባ መንገር ቃጥቷት ያውቃል። አጥሩ ጋ ቆማ አፏን ትከፍትና ስለ ሚጥሚጣው ታስታውሳታለች። «ነግረሽኛል፤ አምስተኛሽ ነው» ትላለች ኩምባ።

ሃያ አንዱ ቀን ሞላ። ኒያንዳ አልታመመችም። አሁን የሚወስዳት ዘመድ ተፈለገ። የቫንዲ ወገን በሙሉ በዚያ ቀብር አልቋል። የቀረችው የጄቤ እናት ማማ ያታ ናት፤ ከወንዙ ማዶ፣ ፔማላ መንደር ነው የምትኖረው። የልጆች ጉዳይ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ያገሩ ሽማግሎች ከኬንጎሁን የመጣ ልጅ እንዳይገባብን ብለዋል፤ ማማ ያታም ዝም ብላለች። «ልጅቷን የምታውቅ ሰው ብትነግራት ይሻላል» አላት ሠራተኛው። ባይንዱ እሺ አለች።

ማማ ያታ ደጅዋ ላይ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች። ልጅቷ ደህና መሆኗን የሚያሳየውን ወረቀት ሠራተኛው ሲያነብ ቀና አላለችም። ጨርሶ ወደ ሽማግሎቹ ሲሄድ ባይንዱን በርጩማ አመለከተቻት።

«ከልጄ ጎን የነበርሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። «እንዴት ሆና ነው? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ባይንዱ ከመኪናው ልትጀምር ነበር፤ ከገመዱ፣ ከዱላው። ማማ ያታ አቋረጠቻት። «ከመጀመሪያው አልኩሽ።»

ያኔ ተናገረች። ሠላሳ ስምንት ከስድስቱን፣ የጻፈችውን፣ ማክሰኞ ሞሪባ እጁን እንዴት እንዳሳያት። ይህን ሁሉ ስትናገር ማማ ያታ መፈልፈሏን አላቋረጠችም። ባይንዱ ዝም ብትል ኖሮ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። የቀረውን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው አልነበረም፤ የሚጠይቃትም የለም።

«ሌላም አለ ማማ» አለች። «ሰኞ ዕለት ልጆቹን ውሰጂልኝ ብላኝ ነበር። ሰው ያያል ብዬ እምቢ አልኳት። ምክንያቴ እሱ አልነበረም። ለራሴ ልጅ ፈርቼ ነው።»

የማማ ያታ እጆች ቆሙ። ዶሮዎች መጥተው የወደቀውን ፍሬ ለቀሙ፤ አላባረረቻቸውም።

«ልጅሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አምስት።»

«ሞሪባ ሰባት ነበር» አለች ማማ ያታ። ተነሥታ ገባች። ስትወጣ ማዘያ ጨርቅ ይዛለች፤ ጄቤ የነከረችው ሰማያዊ ጨርቅ ነው። «ልጅቷን አምጧት። ሽማግሎቹን እኔ አናግራቸዋለሁ፤ ካልፈለጉ ከመንደሩ ጫፍ ጎጆ እቀልሳለሁ።» ወደ ባይንዱ ጠጋ አለች። «አንቺን አልረግምሽም። ይቅር ብዬሻለሁም አልልሽም፤ የኔ ብቻ አይደለምና። ይቺ ልጅ አድጋ እናቴ እንዴት ሞተች ያለች ቀን መጥተሽ አንቺው ትነግሪያታለሽ። እኔ አልነግርልሽም። እስከዚያ በየዓመቱ ነይ፤ መልክሽን ትወቀው።»

ባይንዱ ቃሏን ጠበቀች። በሽታው አለቀ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ባሏም ተመልሶ መጣ። ከሠላሳ አንድ ተማሪዎቿ ሃያ ሁለቱ ብቻ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። በየዓመቱ ሩዝ ሲታጨድ ግን ወንዙን ተሻግራ ፔማላ ትወርዳለች። ኒያንዳ መጀመሪያ ማማ ያታ ጀርባ ተደብቃ ታያት ነበር። ቀጥሎ «አክስቴ ባይንዱ» ማለት ለመደች። በስድስት ዓመቷ የፊደል መጽሐፏን ይዛ መጥታ ጭኗ ላይ ተቀመጠች። ባይንዱ እየተመለሰች ሳለች ጀልባው ላይ አለቀሰች፤ ያ መወደድ ያልተገባት መስሏት። በየዓመቱ ዘንድሮ ትጠይቀኝ ይሆን እያለች ትሄዳለች፤ ሳትጠየቅ ስትመለስ ደስ ይላታል፤ ደስ ስላላትም ታፍራለች።

ኒያንዳ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ጠየቀች። ቁመቷ ባይንዱን ደርሷል። አብረው ሩዝ እያበጠሩ ነበር።

«አክስቴ፣ አያቴን እናቴ እንዴት ሞተች ስላት አንቺን ጠይቂ አለችኝ። ለምንድን ነው አንቺን?»

ባይንዱ ሰፌዱን አስቀመጠች። ነገረቻት። ያለፉትን አሥር ዓመታት ሙሉ ቃላቱን ስታዘጋጅ ኖራ ነበር፤ ሲደርስ አንዱንም አላገኘችውም፤ እንደመጣላት ነው የተናገረችው። ኒያንዳ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ቤትሽ ቦታ ነበር?»

«ሁለት ክፍል ነበረኝ» አለች ባይንዱ። «ነበር።»

ልጅቷ ሩዙን ከቀሚሷ ላይ አራገፈችና ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ሄደች። ባይንዱ ጀልባው የሚነሳበት ሰዓት እስኪደርስ ጠበቀቻት፤ አልተመለሰችም። ማማ ያታ አሁን ዓይኗ በደንብ አያይም፤ ግን በመንደሩ ጫፍ እስካለው ዛፍ ድረስ በምርኩዟ ሸኘቻት።

«አለቀሰች?» ብላ ጠየቀቻት።

«አላለቀሰችም።»

«ምን አለችሽ?»

«ቦታ ነበር ወይ አለችኝ።»

አሮጊቷ አንገቷን ነቀነቀች። ጥቂት እንደሄዱ ቆም አለች። «እንዳትመጪ አላለችሽም?»

«አላለችም።»

«እንግዲህ በሩዝ ጊዜ ትመጫለሽ» አለች ማማ ያታ፤ ምርኩዟን ወደ ቤቷ አዞረች።